ወገቡ የጠበበው ቀሚስ

ልጅቷ በተቀበረች በአምስተኛው ቀን መርማሪዋ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆማለች። ግድግዳው ላይ ያልተለበሰ የትምህርት ቤት ቀሚስ ተሰቅሏል። ነፋስ በነካው ቁጥር ሰው ውስጡ ያለ ይመስላል፤ መርማሪዋ የሞት ቤት ብርቋ ባይሆንም ዓይኗን ከቀሚሱ አልነቀለችም።

የስድስት ዓመቷ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ወገቧ ላይ የስብ እባጭ ነበራት። የሞተችው በማጅራት ገትር ነው፤ ሐኪሙ ግን እባጩ ላይ በምላጭ የተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ አገኘ። አባትየው ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ጣቱን ሚስቱ ላይ ቀሰረ። የእስር ማዘዣዋም ተዘጋጅቷል።

«ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ» አለች እናት። «ግን ልጄን በክፉ አልነካኋትም፣ እህቴ።»

«ከመታመሟ በፊት ምን አየሽ?»

«እሁድ ጠዋት ጀርባዋ ረጥቦ ነበር። ሽንት አይቆምላትም፤ እሱ መስሎኝ ቀየርኳት።»

«ይሸት ነበር?»

«ኧረ እንደ ውሃ ነው።»

«አልቅሳ ነበር?»

«ምን በወጣት! እየዘፈነች ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አክስት፣ የአባትየው እህት፣ በሩን ተደግፋለች።

«ቀሚሱን መቼ ሰፋሽላት?»

«ቅዳሜ። ልጆቹ ‹ጉብጧ› እያሉ ሲያበሽቋት አንጀቴ አረረ።»

«ለክተሻት?»

«መለካት ምን ያደርጋል? ልኳ እጄ ላይ ነው።»

ከሰዓት ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ሐኪሙም መጣ። መርማሪዋ አዲሱንና አሮጌውን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ደራርባ ዘረጋች።

«ሽንት ይሸታል። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ እሁድ የፈሰሰው ከህብለ ሰረሰሯ የወጣ ውሃ ነው፤ ስለዚህ እባጩ የተበሳው ከዚያ በፊት ነው። አላለቀሰችም፤ እዚያ ቦታ ቆዳዋ አይሰማትም። እስከዚህ ማንም ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቀሚስ ግን ከኋላው በአራት ጣት ጠቧል። ልኳን እጇ ላይ የያዘች ሰፊ እንዲህ አትሳሳትም። ቅዳሜ ይሄን የሰፋው ሰው እባጩ እንደሚጠፋ እርግጠኛ ነበር።»

አክስት ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ‹ስብ ነው› ብለውን የለ? ስብ ሰው ይገድላል? ምላጩን እንኳ ቀቅዬዋለሁ!»

«ስብ ነው፤ ግን ከህብለ ሰረሰሯ ጋር ተጣብቋል፣ እንዳይነካ ነው ያልኩት። ማጅራት ገትሩ የገባው በዚያ ቀዳዳ ነው።»

«እሱን አልሰማሁም» አለች አክስት። «‹ስብ ነው› ሲሉ ደስ ብሎኝ ጨርቅ ልገዛ ወጣሁ።»

አባትየው ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷ ግን አዲሱን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ የወገቡን ስፌት በጥርሷ መተርተር ጀመረች።

«ጠቧታል» አለች። «በዚህ እንዴት ትተነፍሳለች?»