ከቧንቧው ጀርባ

ወላጆች፣ ይህን የምነግራችሁ ከእናንተ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም፤ አጥፍቼ ነው። አቻምየለህ እባላለሁ። ሶማሊላንድ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ቧንቧ እየገጠምኩ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቧንቧ ሳይከፍት አዲስ ቤት የተረከበ ሰው አላየሁም። እያንዳንዱን ከፍቶ፣ ውሃው ሲወርድ አይቶ ነው ቁልፉን የሚቀበለው። ልጃችንን ለአራት ዓመት ስናስረክብ ግን በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብበን እንፈርማለን።

ልጄ ጸደንያ ሀይስኩል ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። የምትፈልገው የሕክምና ላብራቶሪ ትምህርት ነው። የሦስት ኮሌጆች ስም ጽፋለች፤ ከሥራቸው ደግሞ ጥያቄ ደርድራለች። አስተማሪዎቹ እነማን ናቸው? የተግባር ትምህርት በሳምንት ስንት ቀን ነው? ታክሲው የት ያወርዳል? የምትማረው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እየሄደች ልታያቸው አስባለች።

«አባዬ፣ ሰኞ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለውን ኮሌጅ እናያለን። አንተም ትመጣለህ» አለችኝ።

የትኛውን ኮሌጅ እንዳለች ሲገባኝ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ።

«ምን ሊታይ? ኮሌጅ ኮሌጅ ነው፤ ባል ልትመርጪ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። «ደግሞ እኛ እንግዳ ሰዎች ነን። በሰው አገር እየዞሩ ይህን አሳዩን፣ ያንን አሳዩን ማለት ነውር ነው። የጓደኛዬ የይሄይስ ልጅ ቤርሳቤህ እዚያው እየተማረች አይደለም? ሰው የመረጠውን ምረጪ።»

«ቤርሳቤህማ ስለ ኮሌጁ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች።»

እናቷ ዓለምብርሃን ከጓዳ ሰማችን። «ሽንኩርት አገላብጠህ የምትገዛ ሰውዬ፣ ለልጅህ ሲሆን ሰነፍክ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ። ቱቦ አሳጥሬ እቆርጣለሁ፤ የለካሁትን መልሼ እለካለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የዚያን ኮሌጅ ላብራቶሪ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት መታጠቢያ፣ ዐሥራ ሁለት የሚያብረቀርቅ ቧንቧ። ግድግዳው ውስጥ ግን አንድም የውሃ መስመር አልተቀበረም። «መስመሩስ?» ብዬ አሠሪዬን ብጠይቀው፣ «አሁን ለማስታወቂያ ፎቶ ልናነሳው ነው፤ መስመሩ በኋላ ይዘረጋል» አለኝ። ለዚያ ሥራ ተመልሶ አልጠራኝም። ሌላ ቦታ ግን ያሠራኝ ስለነበር ያጎረሰኝን እጅ አልነክስም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩ። ይሄይስ ልጁን እዚያ ሲያስመዘግብ ደግሞ «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ እጁን ጨብጬዋለሁ። ምናልባት ከኔ በኋላ ሌላ ሰው ዘርግቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሰኞ ደረሰና ሄድን። ሀርቢ የሚባል የምዝገባ ሠራተኛ በደስታ ተቀበለን። የመማሪያ ክፍሎቹን አሳየን፤ ጸደንያ ትጠይቃለች፣ ይመልሳል፣ ትጽፋለች። እኔ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እላለሁ። በመጨረሻ ላብራቶሪው ተከፈተ። ማይክሮስኮፖቹ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። መታጠቢያዎቹ ትናንት የተገጠሙ ይመስላሉ።

የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ አይደለች? ሄዳ አንዱን ከፈተችው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ያኛው ትንፍሽ አላለም።

«ዛሬ ለሰፈሩ ውሃ አልመጣም፤ ቦቴ እየጠበቅን ነው» አላት ሀርቢ።

ሐርጌሳ የኖረ ሰው ይህን እንዴት አያምንም? እኛስ ስንት ቀን ቦቴ ጠብቀናል። ጸደንያ «ላብራቶሪው ጥሩ ነው፤ ዛሬ ውሃ የለም» ብላ መጻፍ ጀመረች። እስክሪብቶዋ ሲሄድ አየሁ። አሁን ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም።

«ጸዲ፣ አትጻፊ» አልኳት። «ከጀርባው መስመር የለም። ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

የስልኳን መብራት አብርታ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ለካስ እኔ ከገጠምኩት ዕቃ ሥር ሁልጊዜ የምጽፈውን እያነበበች ኖሯል። «አቻምየለህ፣ ሚያዝያ 12።» የእጅ ጽሕፈቴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ቤርሳቤህ ስትመዘገብ ታውቅ ነበር?»

ሀርቢም ጎንበስ ብሎ አየና «ወላሂ አላውቅም ነበር» አለ። ፊቱን ሳየው አመንኩት። እኔን ግን ማን ያምነኛል?

ከዚያ በቀጥታ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ይሄይስ ቤት ሄድን። ይሄይስ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ስለሚውል ጉልበቱ ያብጣል። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት።

«እጄን ጨብጠኸኝ ነበር እኮ» አለኝ።

ቤርሳቤህ ከውስጥ መጣች። «አባባ፣ ጋሼ አቻምየለህን ብቻ አትቆጣ። እኛ ተማሪዎቹም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እናውቃለን። ማይክሮስኮፕ የምንማረው በሥዕል ነው። ባለፈው ወር ለልምምድ ሆስፒታል ስሄድ የማይክሮስኮፑ ማብሪያ የት እንዳለ ጠፋኝ፤ ተምረሽ ነይ ብለው መለሱኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጉልበትህ አብጦ ስትገባ እያየሁ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ይሄይስ በዚያ ጉልበቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ረቡዕ የመጨረሻውን ኮሌጅ ለማየት አራት ሆነን ሄድን፤ ሁለት አባትና ሁለት ልጅ። ላብራቶሪው ያረጀ ነው፤ ቀለሙ ለቋል። ተማሪዎች ግን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ይሠራሉ። ቤርሳቤህ ቀድማ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ወረደ። እጇን ከሥሩ አድርጋ ትንሽ ቆየችና አጥብቃ ዘጋችው።

«እኔ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። እዚህ ከስንተኛ ዓመት ነው የምጀምረው?» ብላ አስተማሪዋን ጠየቀቻት።

«ከመጀመሪያ ነው፣ እህቴ።»

ይሄይስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ኮሌጅ ልይ ስትላችሁ እንደኔ አትቀልዱባት። ከሥራ አስፈቅዳችሁ አብራችሁ ሂዱ። ቧንቧውን ክፈቱ፤ የተቆለፈውን ቁም ሳጥን አስከፍቱ፤ ተማሪዎቹን ለብቻቸው ጠይቁ። እናንተም ልጆች፣ ለአባታችሁ ድካም አዝናችሁ እውነቱን አትደብቁት። እያወቀ ዝም ያለ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይናገር። መናገሬን ስለሰማ የአሠሪዬ ሥራ ቀርቶብኛል፤ ይቅር።

ጸደንያና ቤርሳቤህ አሁን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ይሄይስም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። እጁን ግን እስካሁን አልሰጠኝም።