የቫልቩ እጀታ

ሟቹ የተገኘው ጎርፉ ከጎደለ በኋላ፣ የአሲድ ታንከሩን በከበበው ግንብ ውስጥ፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከሚወጣበት ማፍሰሻ ቫልቭ አጠገብ ተደፍቶ ነው። ያገኘው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሬሳው ሳይነሳ ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«የተፈጥሮ አደጋ ነው» አለ አፉን ሞልቶ። «ጥፋት ካለም የደኅንነት ኃላፊዋ ትጠየቅ። ያለ ጭንብል የላከችው እሷ ናት።»

የደኅንነት ኃላፊዋ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ወንድሟን ገና ሳትቀብር እስር ቤት ሊሰዷት ነው።

ጉዳዩን ልታጣራ የመጣችው መርማሪ «የተፈጥሮ አደጋ» ሲባል ደሟ ይፈላል። ወንዙ በየክረምቱ ይሞላል፤ የፋብሪካ አለቆችም በየክረምቱ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ! ግንቡን ዞራ አየችው። ጎርፉ የተወው የጭቃ መስመር ከግንቡ አናት በታች ነው። ሆኖም ውስጡም ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የሟቹ መዳፎች ተልጠዋል።

«ይሄ ቫልቭ በምን ይዘጋል?» ስትል የጥገና ሠራተኛውን ጠየቀችው።

«በእጀታ ነው። ማንም እንዳይነካካው ነቅለን መሣሪያ ክፍል እንሰቅለዋለን።»

መሣሪያ ክፍሉ ጎርፍ ገብቶበት ነበር። መፍቻው፣ መዶሻው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ጭቃ ለብሷል። እጀታው ብቻ ንጹሕ ነው።

ሥራ አስኪያጁን፣ እህትየዋንና የጥገና ሠራተኛውን እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ውሃው በግንቡ አናት አልገባም፤ በማፍሰሻው ነው የገባው። ቫልቩ ክፍት ነበር ማለት ነው። ሟቹ ሊዘጋው ሄደ፤ እጀታ ሲያጣ በባዶ እጁ ታገለ። በዚህ መሃል ታንከሩ ተንሳፈፈ፣ ቧንቧው ተበጠሰ፣ የአሲዱ ጭስ ገደለው።»

«አሁን ግን ዝግ ነው» አለ የጥገና ሠራተኛው ግራ ገብቶት።

«በኋላ የዘጋው ሰው አለ። እጀታውም በጎርፉ ጊዜ እዚህ አልነበረም፤ ቢኖር ጭቃ ይለብስ ነበር። እናንተ ሁለታችሁ ጎርፉን ሸሽታችሁ ከወጣችሁበት ጣሪያ በጀልባ ወርዳችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ገባችሁ።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «በደረቅ መንገድ፣ በመኪና የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ግንቡ ውስጥ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ አሲድ እንዳይኖርበት እያስመረመሩ ማስወጣት ሥራ ያስፈታል ብለው ቫልቩን ክፍት ተዉት፤ ማንም እንዳይዘጋውም እጀታውን ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ሬሳውን ተሻግረው ቫልቩን ዘጉ፤ እጀታውን ቦታው ሰቀሉ። ከዚያ ዓይንዎን በጨው ታጥበው እህቱን ከሰሱ!»

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «ወንዙ እንዲህ ይሞላል ብዬ አላሰብኩም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ስትለው የኖረችው እህት ተነሳች።

«ከጣሪያው ላይ ደውዬ እጀታው የት ነው ስልህ፣ ‹እዚያው ይኖራል፣ ፈልጉት› አልከኝ። አንተን አምኜ ወንድሜን ‹ውረድና ፈልግ› አልኩት።»