ባሕር ዳር፣ ከተማዋ ያልሆነችው

የአውቶቡሱ መስኮት በጉም ታፍኗል። ማናለብሽ በጋቢዋ ተጠቅልላ፣ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ታቅፋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ዘመሮ እየተመለሰች ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ጎንበስ አለና አንድ ጫማውን አውልቆ ገልብጦ አራገፈው። ነጭ አሸዋ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ውይ፣ ይቅርታ እህቴ! የባሕር አሸዋ ነው...»

«ባሕርን ጫማህ ውስጥ ከትተህ ነው የምትዞረው?»

«ምን ላድርግ፣ መኪናዬ ላይ ቦታ አጣሁለት!»

ልትቆጣ ነበር። ሳቋ ቀደማት።

ሙሉቀን ይባላል። የዘመሮ ልጅ ነው፤ በተሳቢ መኪና ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። እሷ ደግሞ ዘመሮ ውስጥ ጂኦግራፊ ታስተምራለች።

«ጂኦግራፊ ካልሽማ ባሕር አይተሻል።»

«በካርታ።»

«ካርታው ላይ ሰማያዊ ነው አይደል? አትመኚው። ጠዋት ብር ይመስላል። ቀትር ላይ አረንጓዴ ነው። ማታ ደግሞ...»

ዝም አለ።

«ማታስ?»

«ማታውን ራስሽ ብታዪው ይሻላል።»

ማናለብሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስለ ባሕር ስንት ዓመት አስተምራለች! አንድም ቀን ግን ጠረኑ ምን እንደሚመስል የጠየቃት ተማሪ አልነበረም። ቢጠይቃትም መልስ የላትም። ያን ቀን፣ ከዚህ ሰው አጠገብ፣ ባሕርን ማየት ለመጀመሪያ ጊዜ አማራት።

ከዚያ በኋላ ስልክ መደዋወል ጀመሩ። እሱ ከሚሌ፣ ከሰመራ፣ ከድንበሩ ይደውላል። እሷ ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ትወጣለች። ብርዱ ጆሮዋን እየቆረጠው ትስቃለች። አንድ ቀን ግን ድምፁ ተለወጠባት።

«ማኔ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ። ከ... በኋላ... ባሕር ዳር ልውሰድሽ። አንድ ሙሉ ቀን። ሰው በሌለበት፣ እኔና አንቺ ብቻ።»

ማናለብሽ ክው አለች።

«ባሕር ዳር?»

«አዎ! በጠዋት ገብተን...»

ስልኩን ዘጋችው።

አብራት የምትኖረው መምህርት የትምወርቅ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

«ከዚህ ባሕር ዳር ደግሞ በቀን ደርሶ መልስ አለ? መንገዱ ብቻ ቀን ይጨርሳል! ሰውዬሽ አልጋ ሊይዝ ነዋ!»

«ተይኝ፣ የትምዬ።»

«ሰው በሌለበት አለሽ ደግሞ? ደፋር!»

ማናለብሽ የቄስ ልጅ ናት። ከቁጣው ይልቅ ያቆሰላት ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ያከብረኛል ብላ አምና ነበር። ስልኩን ብሎክ አደረገችው። ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረ ቁጥር፣ ያቺን በእግሯ ላይ የፈሰሰች አሸዋ እያሰበች ነጋላት።

ፍልሰታ ተፈቶ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጀምር፣ ሙሉቀንን በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«ምን በደልኩሽ? እሱን ብቻ ንገሪኝና እሄዳለሁ።»

«አንተ አታውቀውም?»

«አላውቀውም!»

«ባሕር ዳር ልውሰድሽ አላልክም? ሆቴል ለሆቴል የምትዞር ሴት ነው የምመስልህ?»



«ሆቴል? የምን ሆቴል?... ኧረ በእመቤቴ! ከተማዋን አይደለም! ባሕሩ ዳር! አሸዋው ላይ! ጨው የሆነው ባሕር ዳር!»

«ሰው በሌለበት ያልከውስ?»

«ወደቡማ ሰው ይርመሰመስበታል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ አለኝ፤ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበት አሸዋ አሳየኝ። የሰው ኮቴ የለበትም። ያን ጊዜ ያሰብኩት አንቺን ነው። ደግሞም ከሠርጋችን በኋላ አልኩሽ እኮ!»

«ከምናችን በኋላ?»



«ከ... ሠርጋችን» አለ፣ ድምፁ አንሶ። «አልሰማሽውም እንዴ?»

«መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለችኝ ጋብቻውን ነው ብዬ ስንገበገብ...!»

ማናለብሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሥሩ የሚወጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሱ መለየት አልቻለም። ቆይታ ቀና አለች።

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ። እኔ ባሕሩን አይደለም እምቢ ያልኩት፤ ከተማዋን ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ይህች ነገር የሁለቱ ቀልድ ሆነች። አንዳቸው «ባሕር ዳር» ሲሉ፣ ሌላኛቸው «ከተማዋ አይደለችም!» ይላሉ።

ሽማግሌ ተላከ። በጥር ተጋቡ። በሠርጉ ማግስት እሑድ ጓሳ ወደሚባለው ከፍታ ወሰዳት። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ወደ ታች፣ ጭጋግ ወደለበሰው ቆላ በጣቱ አሳያት።

«ያ ሁሉ ሜዳ ካለቀ በኋላ፣ ባሕሩ እዚያ ማዶ ነው።»

«አይታይም እኮ።»

«እኔ ይታየኛል። አንቺ እዚያ ቆመሽ ነው የሚታየኝ።»

በዚያው የዕረፍት ሳምንት ለመሄድ አስበው ነበር። ፓስፖርቷ ዘገየ፤ የመንፈቁ ትምህርት ተጀመረ።

«አይክፋሽ» አላት። «ባሕሩ የት ይሄዳል? ለሚመጣው ጥር ይሁን።»

ዓመቱን ያችን ቀን ሲያዘጋጁ ኖሩ። እሱ ከመንገድ ሲመለስ እናቱ ቤት ይሰበሰባሉ። እናቱ እማማ ተሾመች እሳት ዳር ቁጭ ብለው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

«በጨለማ ተነሥተን ጀልባው ላይ እንወጣለን» ይላል ሙሉቀን። «ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ እዚያ ነን።»

«ስንቁን እኔ አዘጋጃለሁ። በሶና ዳቦ።»

«ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ።»

«ከዚያስ?»

«በባዶ እግርሽ ትሄጃለሽ። ውሃው ይከተልሽና መልሶ ይሸሻል።»

«ዋና ላስተምርሽ እንዳትለኝ።»

«አላስተምርሽም! እኔስ መች እችላለሁ?»

«ከሰዓት በኋላስ ምን እናደርጋለን?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ማኔ፣ እኔ ዕድሜዬን ስነዳ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ምንም ሳልሠራ መዋል ነው የምፈልገው። ማታውን እናይና እንመለሳለን።»

እማማ ተሾመች እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ያ ሁሉ ውሃ ጨው ነው ነው የምትለኝ?»

«እውነቴን ነው፣ እማዬ።»

«ሂድ ወዲያ! ማን ይህን ሁሉ ጨው ጨመረበት? ዓሣውስ ምን ይጠጣል? ሾፌር ከሆንክ ወዲህ ውሸት ለመድክ።»

«እሺ፣ ማናለብሽን አስቀምሼ ምስክር አመጣልሻለሁ!»

«ሚስትህ ደግሞ ላንተ ካልመሰከረች ለማን ልትመሰክር ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ኅዳር ላይ ከመንገድ ደወለ። ድምፁ ደክሟል።

«ትንሽ አተኮሰኝ። ወባ ነገር ነው።»

«ሐኪም ቤት ሂድ! አሁኑኑ!»

«ይህን ጭነት ላራግፍና እሄዳለሁ። ማኔ... ነጩን ቀሚስ እንዳትረሺ።»

«ገና ኅዳር ነው እኮ!»

«ቢሆንም።»

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ስልኩ አልሠራም። በአራተኛው ቀን የደወለው የመንገድ ባልደረባው ኃይለመስቀል ነው።

«እህቴ... አጠገብሽ ሰው አለ?»



ሙሉቀን ወደ ዘመሮ ሲገባ ሁልጊዜ ከዳገቱ ጀምሮ ክላክስ ያሰማ ነበር። ያን ቀን አስከሬኑን የያዘው የኃይለመስቀል መኪና ድምፅ ሳያሰማ፣ ቀስ ብሎ ገባ። ሰዉ ግን ሁሉ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይላታል። ሰው ፊት አላለቀሰችም። ጥቁሯን ለበሰች። ጥር መጣ፣ አለፈ። ክፍል ገብታ ካርታውን ስትሰቅል፣ ከሰማያዊው ቦታ ጣቷን ቶሎ ታነሣለች። ከዚህ በቀር ማንም ምንም አላየባትም።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁሯን ባወለቀች ሰሞን፣ እማማ ተሾመች አስጠሯት። ጉልበታቸው ላይ አዲስ ባና ተጣጥፏል፤ ዳሩ ነጭ የሆነ፣ ወፍራም ጥቁር የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ።

«ይኼን ለባሕሩ ብዬ ነው የፈተልኩት። አሸዋው እንዳይፈጃችሁ።»

«እማማ...»

«ትሄጃለሽ አይደል?»

«ከማን ጋር ልሂድ?»

አሮጊቷ የባናውን ዳር ዳበሱ።

«ልጄን ውሸታም ስለው ነው የኖርኩት» አሉ። «ቀልዴን ነበር። ግን አምኜው አላውቅም። ምስክር አመጣልሻለሁ ብሎኝ ነበር... ሂጂና ቅመሺልኝ።»

በጥር ሄደች። ኃይለመስቀል እስከ ወደቡ አደረሳት። ዓሣ አጥማጁ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ጥቂት አማርኛ ያውቃል። ጀልባው ላይ ሁለተኛ ሰው ሲጠብቅ ቆየና ወደ ኃይለመስቀል ተመለከተ። ኃይለመስቀል ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ሙሉቀን ሊቀመጥበት የነበረውን ቦታ በጨርቅ ወልውሎ ባዶውን ተወው።

ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ እዚያ ነበረች። በእርግጥም ባሕሩ ብር ይመስላል። አሸዋው ላይ የሰው ኮቴ የለም። ባናውን አነጠፈችና ከዳሩ ተቀመጠች፤ ግማሹን ተወችለት። ነጩን ቀሚስ ለብሳለች። ጫማዋን አወለቀች። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ መጣ፣ ሸሸ፣ መጣ።

ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዘገነችና ቀመሰች።

ዓሣ አጥማጁ ማታ እስኪመለስ በተወላት ስልክ ደወለች።

«እማማ፣ ማናለብሽ ነኝ።»

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት። ጨው ነው፣ እማማ። ሁሉም ጨው ነው።»



«እውነቱን ነበራ» አሉ እማማ ተሾመች። «እውነቱን ነበራ፣ ልጄ...»

«እውነቱን ነበር።»

«አሁን ልትመለሺ ነው?»

«አይ፣ እውላለሁ። የተባባልነው ሙሉ ቀን ነው።»

«ሙሉ ቀን» ስትል ሁለቱም ስሙን ሰሙት። 

ቀትር ላይ ባሕሩ አረንጓዴ ሆነ። በሶውን በጠበጠች፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ነበር፣ ልማድ ሆኖባት። ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራችም። አላነበበችም፣ ፎቶ አላነሣችም። ቁጭ ብላ ዋለች። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ አላበሰችውም፣ ማንም አያያትም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባሕሩ መጀመሪያ እንደ ጠጅ ሆነ፣ ኋላ እንደ ፍም፣ ኋላ... ቃል ፈለገችለት። ዘመኗን ሙሉ ስታስተምር ብትኖርም አላገኘችም። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ለምን ዝም እንዳለ አሁን ገባት። ሊያጓጓት ብሎ አልነበረም። እሱም ቃል አጥቶ ነው።

«አየሁት» አለች፣ ወደ ባናው ባዶ ግማሽ ዞራ።

ባናውን አራግፋ አጣጠፈችና ወደ ጀልባው ሄደች።

ዘመሮ ከአውቶቡስ ስትወርድ ጉም ነበር። የትምወርቅ መንገድ ላይ አቀፈቻት።

«ምነው ጠፋሽ? ፊትሽን ፀሐይ መትቶታል! የት ሄደሽ ነው?»

«ባሕር ዳር።»

«ጎሽ! አየር መለወጥ ያስፈልግሽ ነበር። ጣናን አየሽው? እንዴት ነው ከተማዋ?»

ማናለብሽ መልሱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ግን ያ መልስ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነበር።

«ጥሩ ናት» አለች። ባናውን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ወደ እማማ ተሾመች ቤት አቀናች። በየርምጃዋ ከጫማዋ ውስጥ አሸዋው ይሰማታል። አላራገፈችውም።