ቱልኝ ቱልኝ

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የድሬዳዋ ሰፈር ውኃውን የሚያገኘው በጭፈራ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል ሰዉ ጫማውን አውልቆ ረገጤ ላይ ይወጣል። ረገጤ የሚሉት፣ ሰው በረገጠው ቁጥር ኃይል እያመነጨ ከጉድጓድ ውኃ የሚስበውን ሰፊ ወለል ነው። ሞቅ ያለ ዘፈን የተገኘ ቀን ታንከሩ ይሞላል፤ የቀዘቀዘ ዘፈን የወጣ ቀን ግማሽ ግማሽ ባልዲ ይታደላል።

ዘፈን የምታቀርበው ኢክራም ነበረች። ሰፈሩ የጥንቱን የዓረብ ፖፕ ስለሚወድ፣ ከአሮጌ ስልክና ካሴት የተረፈውን እየሰበሰበች በፈልቃቂው ታሳልፈዋለች። ፈልቃቂው የተቀዳን ድምፅ እንደ ባቄላ እየፈለቀቀ ዘፋኙን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ የክፍሉን ጫጫታ ለብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። እሷ ደግሞ የወጣውን ቆራርጣ፣ አፍጥና፣ ከባድ ምት አልብሳ ለጭፈራ ታበቃዋለች።

አንድ ቀን ስልሳ ዓመት ያለፈው ቅጂ እጇ ገባ። ቤይሩት ውስጥ በአንድ ቤት ግብዣ ላይ እንግዶች ሲጨፍሩ ሰው በስልኩ የቀዳው ነው። ፈልቃቂው ዘፋኟንና ከበሮውን ለያይቶ እንደጨረሰ፣ አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ ላይ ደርሶ ቆመ። «ሰው ነው፤ ዘፈን አይደለም» ብሎ ጻፈ። ኢክራም ሦስት ጊዜ አጥፍታ አስነሣችው፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቆመ። ሰዓቱ እየደረሰባት ነበርና ተናደደች።

«ተበላሽቷል ማለት ነው» ብላ ማስጠንቀቂያውን ዘጋችው። ከድምፁ ጫፍ ጆሮ የሚይዘውን ቆርጣ ደጋገመችው፦ ቱልኝ፣ ቱልኝ፣ ቱልኝ። ዓረብኛ መሰላት።

ታንከሩ በሦስት ቀን ሞልቶ ፈሰሰ። ሰርገኛው «ቱልኝ!» ይላል፤ ባጃጅ ነጂው «ቱልኝ!» ይላል፤ ሴቶች ልብስ እያጠቡ «ቱልኝ!» ይላሉ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አሮጊት ኢክራም የምትሠራበት ክፍል ድረስ መጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ።

«ያቺን ዘፈን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ» አለች ኢክራም፤ ሊመርቋት የመጡ መስሏት ወንበር ሳበችላቸው።

«ድምፁ የኔ ነው።»

ኢክራም ሳቀች። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። «ሳትቆራርጪው አሰሚኝ» አሏት።

ከፈተችው። ከጭፈራው ጫጫታ ጀርባ፣ የልጅ እግር ሴት ድምፅ ጥርት ባለ አማርኛ ወጣ፦ «በሩን ክፈቱልኝ! ስለ እግዜር፣ በሩን ክፈቱልኝ!»

«ሠራተኛቸው ነበርኩ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ዝግ ብለው። «እንግዳ እንዳያየኝ ብለው ሰገነት ላይ ቆለፉብኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እነሱ ይጨፍራሉ፣ እኔ ዓረብኛው ጠፍቶኝ በአማርኛ እየጮኽኩ መስታወቱን እደበድባለሁ። ለልጆቼ ‹እዚያ በደህና ነው የኖርኩት› ነው ያልኳቸው። ትናንት የልጅ ልጆቼ ቱልኝ እያሉ ሲዘሉ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?»

ኢክራም ፊቷ ጋለ። አማርኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ብረት የሰማውን እሷ አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ምቱ በልጦባት ይሆናል። የቱ እንደሆነ ራሷን ለመጠየቅ እንኳ ፈራች።

«አጠፋዋለሁ፣ እማማ። ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።»

«አታጥፊው። ሙሉውን አሰሚያቸው።»

የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ኢክራም ሕዝቡ ፊት ቆማ ያደረገችውን ተናገረች። ወይዘሮ ትርንጎ ከጎኗ ነበሩ። ከዚያ ልመናውን ያለ ከበሮ፣ ከነሙሉ ቃሉ ለቀቀችው። እግር ሁሉ ቀጥ አለ። የውኃው መለኪያ ዜሮ ገባ። ሰዉ ጫማውን አንሥቶ፣ ሳያጠልቀው በእጁ እንደያዘ አንድ በአንድ ሄደ።

አራት ቀን ረገጤ ላይ ማንም አልወጣም። ታንከሩ ደረቀ። ኢክራም «ውኃችንን ምን አደረግሽው?» የሚል ቢመጣ የምትመልሰውን አዘጋጅታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም።

በአምስተኛው ቀን ከውጭ የብዙ እግር ድምፅ ሰማች። ወጥታ ስታይ ሰፈሩ ወለሉን ሞልቶታል። ዘፈን የጠየቃት የለም። ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው፣ ዝም ብለው፣ እኩል ይረግጣሉ። ልጅ ያዘለች አለች፤ ምርኩዝ የያዘ አለ። መለኪያው ቀስ እያለ ወጣ።

ያን ሁሉ ዓመት፣ ሰው ካልሸነገሉት እግሩን አያነሣም ብላ ታምን ነበር። ይህን ማሰቧን ማንም አያውቅባትም፤ ቢሆንም ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ጫማዋን አውልቃ ከዳር ገባች፤ አንገቷን እንደደፋች ትረግጥ ጀመር።