ግራ ነፃ፣ ቀኝ ነፃ

«ግራ?»

«ነፃ።»

«ቀኝ?»

«ብስክሌት አለ... ቆይ... አለፈ። ነፃ!»

አባቱ ማርሽ አስገባና ትንሿ መኪና ከግቢው ተስፈንጥራ ወጣች። የልጁ ጀርባ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። በየጠዋቱ ከአልጋው የምታስነሳው ይህቺ ቅጽበት ነበረች።

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ባለሁለት በር፣ ከኋላ በኩል በቢላ የተቆረጠች የምትመስል፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ጎረምሳ ሲገባባት መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ማጠፍ አለበት። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ግን የምታገሳው እንደ ትልቅ መኪና ነው። ሰፈሩ «ቁንጫ» ይላታል። ለመሳቅ ያወጡላት ስም ነው፤ አባቱ ግን ሲሰማው ደረቱ ይነፋል። «ትንሽ ናት፤ እስቲ ያዟት!» ይላል።

ጨዋታው የተጀመረው የልጁ እግር የመኪናዋን ወለል በማይነካበት ጊዜ ነው። አባቱ በወጣትነቱ የመኪና ውድድር ይወዳደር ነበር። ያኔ ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን የሚናገርለት ጓደኛ ነበረው። እሱን በልጁ ተካውና «ረዳቴ» ብሎ ሾመው። መታጠፊያ ሲመጣ፣ ጉድጓድ ሲታይ፣ ሰው ሊሻገር ሲል ጮክ ብሎ መናገር የረዳቱ ሥራ ሆነ። ልጁ ድመቱንም፣ ፊኛ ሻጩንም፣ ደመናውንም ሳያስቀር ይናገር ነበር። አባቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ከዚያ ሳቁ ቀረ። መቼ እንደቀረ ልጁ አያውቅም። «ግራ?» የሚለው ጥያቄ የምር ጥያቄ ሆነ።

አባቱ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው፤ ማለትም ነበር። መጨረሻ የጻፈው የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ላይ ቀለሙ ከጠርዙ አልፎ ግድግዳው ላይ ወጣ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጠጥቶ የመጣ መስሎት ሰው ፊት አዋረደው። ቤት ውስጥም የልጁ እናት ከጎን የምታቀብለውን ብርጭቆ እጁ ይስተው ጀመር። «አለርጂ ነው፤ አቧራው ነው» አላት። ለልጁ ግን አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ ጋዜጣ እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ዓይኑ ላይ ደቀነለት።

«ምን ይታይሃል?»

«መብራቱ። ያ ሱቅ።»

«እኔም እንደዚያ ነኝ። ፊት ለፊቴን ጥርት አድርጌ አያለሁ። ጎንና ጎኑ የለም። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም አለኝ።» ጋዜጣውን ጨምድዶ ከወንበሩ ሥር ወረወረው። «ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል። ካወቀች ቁንጫን በማግስቱ ነው የምታሸጣት። አሥራ ስምንት ሲሞላህ ደግሞ ያንተ ናት። ሰማኸኝ? ያንተ።»

ልጁ ሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ እሱ በሐሳቡ ማርሽ ይቀይራል፤ መንገዱ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ወርዷል፣ ከጎኑ ማንም የለም። ፍርሃቱ ብቅ ሲል ደግሞ «እኔ እስካለሁ ምን ይመጣል?» እያለ ይመልሰዋል።

የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጓደኞቹ ከትምህርት ቤቱ በር ወዲህ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ነበር። ቀጮ የሚሉት የክፍሉ ልጅ ማርሚታዋን ከሩቅ ለየው።

«አቦ ቁንጫ! አስጩሃት በናትህ!»

ልጁ መስታወቱን አወረደና ቀኝ ክንዱን እስከ ትከሻው አወጣ። ሲያልፏቸው ወደኋላ ዞሮ አውለበለበ።

«ቀኝ?» አለ አባቱ፣ ሊያወርደው ወደ ዳር እየያዘ።

ቀጮ የሆነ ነገር እየጮኸ ነበር። ልጁ እሱን ለመስማት አንገቱን አሰገገ።

«ቀኝ አልኩህ እኮ!»

«ነፃ» አለ ልጁ። አልዞረም።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ወንበር ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። የተሰበረውም ወንበር ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፀሐዩን ሽሽት ወንበራቸውን ተሸክመው ከበሩ ወዲህ እያለፉ ነበር። አሁን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ኮፍያቸው ጎማው ሥር ነው። አንድ እግራቸው እግር መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል።

ሰው ተሰበሰበ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። አባቱ አንድ እጁን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ እንዳደረገ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«ልጁ ነው» አለ። «መሪውን ነካብኝ። ጎረምሳ አይደል? ጓደኞቹን ሲያይ ጊዜ...»

ፖሊሱ ወደ ልጁ ዞረ። «እውነት ነው?»

ልጁ የአባቱን ዓይን ፈለገ። አባቱ ፊት ለፊት እያየው ነበር። ፊት ለፊቱን ደግሞ ጥርት አድርጎ ያያል።

«አዎ» አለ ልጁ።

በትምህርት ቤት ከአጠገቡ የሚቀመጥ ሁሉ ቀበቶ የሚያስር መምሰል ጀመረ። «ያዙኝ፣ መሪ ሊነካ ነው!» ሲሉ ክፍሉ ይስቃል። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚስቀው ቀጮ ነው። ቤት ደግሞ እናቱ ምሳውን ቋጥራ ጠረጴዛው ላይ ታኖርለታለች እንጂ አታናግረውም። አንድ ጊዜ ብቻ «የሰው አባት አልጋ ላይ ጥለህ እህል እንዴት ይወርድልሃል?» አለችው። አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሳይል መብላቱን ቀጠለ።

ልጁ ብርቱካን ይዞ ዘበኛው ቤት ሄደ። አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹን የልጃቸው የስፌት መኪና ይዞታል። እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። መሪውን...»

«በየትኛው እጅህ ነው የነካኸው?»

«እ?»

«መሪውን። ቀኝ እጅህ ውጪ ነበር፤ ሲውለበለብ አይቼዋለሁ። በግራው የወንበሩን ጀርባ አንቀህ ወደኋላ ዞረሃል። ሌላ ተጨማሪ እጅ አለህ እንዴ?»

ልጁ ብርቱካኑን ከትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠ።

«አባትህ አልደነገጠም» አሉ ዘበኛው። «ሰው ሰውን ሊገጭ ሲል ይደነግጣል፤ መሪ ይጠመዝዛል፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ጡሩምባ ይነፋል። እሱ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ነው የመጣው።» ጀሶውን በጥፍራቸው ቆረቆሩት። «ለማንም አልናገርም። በአባትና በልጅ መሀል ምን ያስገባኛል? ትምህርት ቤቱ እግሬ እስኪድን ስላልጠበቀኝ በሩ ላይ ሌላ ወጣት ዘበኛ ቀጥሯል። ውሎ አዳሩ ስልኩ ላይ ነው አሉ። እኔ ሕፃናቱ ሲወጡ መኪናውን በእጄ አስቆም ነበር።»

«መኪናዋ ጋራዥ ናት» አለ ልጁ።

«ከጋራዥ ትወጣለቻ» አሉ ዘበኛው፤ ብርቱካኑን ሳይነኩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጣች። ሰኞ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ከፊት ጎማዋ በላይ ያለው ቀኝ ፓራፋንጎዋ አዲስ ቀይ ተቀብቷል፤ ከቀረው አካሏ ጋር አይገጥምም፤ የተዋሰችው ይመስላል። አባቱ በጨርቅ ይወለውላታል።

«አባዬ፣ ለእማዬ እንንገራት።»

«ምኑን?»

«ዓይንህን።»

ጨርቁ ቆመ። «ሰውየውን ዓይኔ ነው የገጨው? ነፃ ያለኝ ማነው? ሁለቴ ጠየቅኩህ። ሳያይ ዋሸኝ ብላቸው ኖሮ ምን ትሆን ነበር? እኔ እንዲያውም አተረፍኩህ።»

ልጁ ሌሊት ሌሊት ለራሱ የሚለውም ይህንኑ ነበር።

አባቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሥራዬ ሄደ። ብሩሼን የሚያምን ሰው የለም። እዚህች ውስጥ ስቀመጥ ብቻ ነው ሰው የምመስለው። ይህቺንም ትቀማኛለህ?» የጣሪያዋን ጠርዝ በመዳፉ ዳሰሰ። «በል ግባ ረዳቴ። ረፈደ።»

«ቦርሳዬን ላምጣ።»

እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። ምሳ ዕቃው ክዳኑ ተገጥሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልጁ ቦርሳውን አነገተ። ምሳ ዕቃውን አየው፤ አላነሳውም። ረስቶ ሲወጣ እናቱ ምን ብትቆጣ ሳታደርስለት እንደማትቀር ያውቃል።

በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፈተ። የፊተኛውን ወንበር አጠፈና እየተጣጠፈ ወደኋላ ገባ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እዚህ ይሻለኛል።»

«እዚያ ሆነህ ምን ይታይሃል?»

ልጁ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና በሩን ሳበው። እውነትም እዚያ ምንም አይታይም፤ መስኮቶቹ የመዳፍ ያህል ናቸው፣ አይከፈቱም። አባቱ እያጉረመረመ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ማርሚታዋ አገሳች። እንደ ልማዱ መስታወቱን አወረደ፤ የእጅ ፍሬኑን ግን አለቀቀም። ያለ ረዳቱ ቃል ለቆት አያውቅም።

«ግራ?»

እናቱ ከቤት ወጣች። ምሳ ዕቃውን በአንድ እጇ፣ ነጠላ ጫማዋን በችኮላ ግማሽ አጥልቃ። በግራ በኩል መጥታ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ቆመችና ምሳ ዕቃውን ዘረጋች። ከአባቱ ጉንጭ አንድ ስንዝር ይቀረዋል።

አባቱ ፊት ለፊቱን፣ የግቢውን በር እያየ ነው።

«አትሰማም እንዴ? ግራ ነፃ ነው?»

የእናቱ ከንፈር ለቁጣ ተከፍቶ እንዳለ ቀረ። ምሳ ዕቃውን ቀስ ብላ ከፍ አደረገችው፣ ዝቅ አደረገችው። የአባቱ ዓይን ሽፋል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ኧረ መልስልኝ! ግራ!»

እናቱ በባሏ ትከሻ አሻግራ ወደኋላ፣ ወደ ጨለማው ወንበር አየች። ቃሉ ልጁ ምላስ ላይ ነበር፤ ሺህ ጊዜ ብሎታል። ዓይኑን ከእናቱ ዓይን ሳይነቅል ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና አፉን እንደዘጋ ተቀመጠ።