በመላጊያ የተፋቀው ስም

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.፥ በብርዱ ወራት መገባደጃ፥ በክራንይስካ ተራሮች ሥር ያለችው የዛብሬዝዬ መንደር በጦርነቱ ታክታ ነበር። ወንዶቿ በሶቻ ወንዝ ግንባር ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ደወሎች መድፍ ሊሆኑ ከማማው ወርደው ከተወሰዱ ከርመዋል፤ አሁን ደግሞ የአገሩ ንጉሠ ነገሥት ጦር ከየደብሩ ኦርጋን በወናፍ ነፋስ የሚዘምረውን የቆርቆሮ ቧንቧ ለጦር መሣሪያ የሚሰበስብ መቶ አለቃ ላከ። ከትእዛዙ የሚተርፈው መቶ ዓመት ያለፈው ኦርጋን ብቻ ነበር።

የዛብሬዝዬ ኦርጋን መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ወናፉ ያፈስሳል፤ ብርድ ሲጸና ድምፁ ይጎረንናል። ኦርጋን መቺው ኦዝባልት ክሌመንቺች ግን አርባ አራት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ሰገነቱ ወጥቶበታል፤ ደመወዙም በየመከሩ ቤት ለቤት ዞሮ የሚሰበስበው ስንዴ ነበር። ልጅ አልወለደም፤ በዚህ ዓለም የኔ የሚለው ያንን ኦርጋንና ወናፉን የምትረግጥለትን ሚስቱን ፖሎናን ነው። ትእዛዙን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን እህል አልዋጥ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ፲፰፻፹፱ ዓ.ም. የጎረቤት ደብር አዲስ ኦርጋን አስተከለና ዛብሬዝዬ በቅናት አረረች፤ በዚያ ላይ ጳጳሱ ሊጎበኙ ነበር። ኦዝባልትም በጉልምስናው ትዕቢት የአሮጌውን ኦርጋን ፊት ቀለም ቀባ፤ የሠሪው ስምና ዓመት የተቀረጸበትን ሰሌዳ በመላጊያ ፋቀ፤ በላዩም በወርቅ ቀለም «፲፰፻፹፱» ብሎ ጻፈ፤ ለመንደሩም አሮጌውን አፍርሶ በአዲስ እንደ ሠራው ነገረ። ጳጳሱ አመሰገኑ፤ መንደሩ ኮራ፤ እሱም በደብሩ መዝገብ በገዛ እጁ «በዚህ ዓመት በትጉሁ ኦርጋን መቺ በኦዝባልት ክሌመንቺች ብርታት አዲስ ኦርጋን ተሠራ» ብሎ አሰፈረ።

መቶ አለቃው ቀጭን፥ የሚያስል፥ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ የወርቁን ቁጥር አየና ወታደሮቹን ወደ መሰላሉ ጠቀሳቸው።

«ክቡር መቶ አለቃ፥ ይቆዩ» አለ ኦዝባልት ቆቡን አውልቆ፤ ከታች ምእመናኑ ቆመው ይሰማሉ። «ቁጥሩ ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጳጳሱንም፥ እነዚህንም ሰዎች አታልያለሁ። ኦርጋኑ አያት ቅድመ አያቶቻችን የተዳሩበት ነው።»

ፊቱ እንደ ጋለ ምድጃ ነደደ። ከታች አንዲት ሴት «ኧረ በስመ አብ!» አለች።

«አባቴ» አለ መቶ አለቃው በድካም፤ «እኔ በደረስሁበት ደብር ሁሉ ኦርጋኑ በአንድ ሌሊት ያረጃል።»

«እውነቱን ነው፥ ጌታዬ!» አለች ፖሎና ከወናፉ አጠገብ። «የቀለሙን ቆርቆሮ የያዝሁለት እኔ ነኝ። ተው ብለው መች ይሰማል! ይኼ ሰውዬ ያኔ ልቡ አብጦ በበር አይገባም ነበር።»

የደብሩ አለቃ አባ ቪንኮ መዝገቡን አምጥተው ገለጡ፤ ሲያነቡም አንገታቸውን ደፉ። መቶ አለቃው ጽሕፈቱን አየ።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን ልመን?» ጥቂት አስቦ ግን ከቦርሳው አንድ ደብተር አወጣ። «የጥንት ኦርጋን ሠሪዎች ስም እዚህ አለኝ። የዚህን ሠሪ ስም ይንገሩኝ፤ ካገኘሁት እተወዋለሁ። እኔም መሰላሉ ሰልችቶኛል።»

ኦዝባልት አፉን ከፈተ። የሰሌዳው ስንጥቅ፥ የመላጊያው ልጣጭ፥ የቀለሙ ሽታ ሳይቀር በዓይኑ ላይ መጣ፤ ስሙ ግን አልመጣም። ዕድሜ ልኩን በዚያ ሰው ሥራ ሲከብር ኖሮ ስሙን አንድ ቀን እንኳ በአፉ ጠርቶት አያውቅም።

«ያኮብ… አይደለም… በሎ የሚጀምር…»

«ሎ ምን? ሎ ማን?» አለች ፖሎና። «አስብ እንጂ፥ አንተ ሰው!»

መቶ አለቃው ረጅም ጊዜ ጠበቀው፤ ኋላም ደብተሩን ዘጋ። ሃያ ሦስት ቧንቧዎች አንድ በአንድ ወርደው በጋሪ ጭድ ላይ ተጋደሙ፤ ኦዝባልትም በር ድረስ ሸኛቸው።

በመከር፥ ከፖሎና ጋር ስንዴ ሊሰበስብ ሲዞር፥ አንዳንዱ በር አልተከፈተለትም። እርሱም ግማሽ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ መንገድ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሎቭሬንች ፔርኮ» አለ።

«ማነው እሱ?» አለች ፖሎና።

«ሠሪው ነዋ።»

ፖሎና ጆንያዋን መሬት ላይ ጣለችው። «ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂድና መዝገቡ ላይ ጻፈዋ!»

«በኔ እጅ ተጽፎ ማን ያምነዋል፥ ፖሎና?»

እርስዋም የራስዋን ጆንያ አነሣች፤ የሱንም ከትከሻው ተቀብላው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁለቱም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ። የደብሩ መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ኦርጋኑ በ፲፰፻፹፱ ዓ.ም. በትጉሁ ኦርጋን መቺ በኦዝባልት ክሌመንቺች ብርታት እንደተሠራ ይናገራል፤ የሚያነቡትም ሁሉ ያመሰግኑታል።