ሁሉም ዓይኑን በጨፈነበት ሰዓት

«አባባ ባቡር ከበረንዳቸው ሲወድቁ አራት ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን አላዩም» አለ ዘበኛው።

መርማሪዋ ጭምብሏን አስተካክላ ቀና አለች። «አብረዋቸው ስትል?»

«በስክሪን ነዋ፣ ኮማንደር። በሽታው ከገባ ወዲህ ሕንፃው ታሽጓል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ጭንቀቱ ሰውን ሊያሳብድ ሲል በኢንተርኔት ክበብ አቋቋሙ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በየቤታቸው ተቀምጠው የሆዳቸውን ያወራሉ። ከመካከላቸው ከሕንፃው ውጭ ያለችው የምትመራቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ናት። እኔ የፊት በር ላይ ነበርኩ፤ ከጓሮ ነገር ሲከሰከስ ሰምቼ ሮጥኩ። ዞሬ እስክደርስ አልፈዋል። ሰዉ ሁሉ ‹ራሳቸውን ጣሉ› እያለ ነው።»

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ነበሩ። ነጭ ጨርቅ ለብሰው በሕንፃው ጓሮ ተጋድመዋል። መርማሪዋ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። የድሮውን የሥራ ካፖርት ለብሰዋል፤ የነሐስ ቁልፎቹ ተወልውለው ያበራሉ። ሁለተኛው ቁልፍ ግን የለም። ክሩ አልነበረም የተበጠሰው፤ ጨርቁ ራሱ ተቦጭቆ ሄዷል። ጓሮውን አሰሰች፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ በረንዳውንና የወንበሩን ሥር አየች። ቁልፉ የለም።

ራሱን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ቁልፍ ይወለውላል? እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አላት። በየበሩ ጀርባ ሰው ይስላል፤ ከሩቅ የአምቡላንስ ጩኸት አያቋርጥም።

ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሽማግሌው በታች ነበረች። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ በቅርቡ በበሽታው ሞቶባታል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

«እንዴት፣ እህቴ?»

«ባለፈው ማክሰኞ ‹መኖር ምን ያደርግልኛል› ብዬ ነበር። ይህን ሰምተው ነው። የሕንፃው ሊቀመንበር አሁን በሬ ላይ ቆመው ‹ቃል ይገድላል፣ ልጄ› አሉኝ። ባሌንም እኔ ነኝ፤ ሕንፃው ሊታሸግ ሲል ከገበያ ጨርቅ ገዝቼ ስመለስ በሽታውን ይዤበት የገባሁ።»

«ካፖርቱን ታውቂዋለሽ?»

«ዛሬ ጠዋት በቅርጫት በገመድ አወረዱልኝ። ቁልፉ ላልቶ ነበር። ‹አጥብቂው፣ ዛሬ የምለብሰው ለወግ ነው፤ ሸክምሽን የማወርድልሽ ቀን ነው› አሉኝ። ሊሞቱ መሆኑን መች አወቅሁ።»

«ክበቡ ላይ ሊናገሩ ያሰቡት ነበር?»

«‹በሚቀጥለው ማክሰኞ የምናገረው አለኝ› ብለው ነበር፣ ለሁላችንም። ግን መጀመሪያ ዓይናችንን ጨፍነን እንተነፍሳለን፤ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮ ማዳመጫም የግድ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ የአንዱ ለቅሶ ለጎረቤት እንዳይሰማ። አባባ ብቻ አይጨፍኑም። ‹ባቡር ነጂ ከጨፈነ ተሳፋሪው አለቀ› ይሉ ነበር።» ልትስቅ ቃጣትና ፊቷን ሸፈነች።

ሊቀመንበሩ ከሽማግሌው ጎን ለጎን ይኖራሉ። በየዓረፍተ ነገሩ መካከል እጃቸውን በአልኮል ያሻሉ።

«ዓይኔን እንደ ሰው ጨፍኜ ነበር። ባለሙያዋ እንደ ወትሮዋ ደወሏን ስትመታ ገለጥኩ። የአባባ ወንበር ባዶ ነው። ምስኪን፣ ብቸኝነቱ በላቸው። እኔማ ክበቡ ይዘጋ ብያለሁ፤ ሐዘንተኛ ሐዘንተኛን ሲያጽናና መጨረሻው ይኸው።»

«ሽማግሌው ምን ሊናገሩ እንደነበር ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«የባቡር ወሬ ይሆናላ፣ ሌላ ምን አላቸው?»

የጥርስ ሐኪሙ ምድር ቤት ነው። ገና ሳትጠይቀው ጀመረ። «ከአባባ ጋር መጣላቴን ነግረውሻል አይደል? ጎህ ሳይቀድ በረንዳ ላይ ያፏጫሉ። ‹ያለችዎትን ጥርስ እነቅላታለሁ› ብያቸዋለሁ። ‹ከነቀልክማ ፉጨቱ ይብሳል› አሉኝ። ሙት አይወቀስም። ከሳቸው ፉጨት የባሰውማ የዛሬው የባለሙያዋ ዜማ ነበር። ልጇ ደወሏን ደብቃባት፣ ‹ዓይናችሁን ግለጡ› ለማለት አንጎራጎረችልን። የጥርስ ሐኪም ሆኜ ጥርሴን አመመኝ።»

መርማሪዋ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለችበት ቆመች።

ለባለሙያዋ ስልክ ደወለች። ልጅ እግር ናት። ደወሉ በእርግጥም አልተደወለም ነበር። ከዚያ ዘበኛውን ጠራችው።

«የጓሮውን በር መክፈቻ ማን ይይዛል?»

«ሊቀመንበሩ ብቻ።»

«ቆሻሻስ?»

«ከታሸግን ወዲህ የት ይወጣል ብለሽ፣ ኮማንደር? በየበሩ እንደ ተራራ ተከምሯል።»

«ጓንትህን አጥልቅ» አለችው።

አመሻሽ ላይ ክበቡ እንደገና ተሰበሰበ። በአንድ ክፍል መቀመጥ ክልክል ነውና መርማሪዋ በአባባ ባቡር ወንበር፣ በሳቸው ስክሪን ፊት ተቀመጠች። አራት ፊቶች በአራት መስኮት ታዩ።

«ሁላችሁም ጆሮ ማዳመጫችሁን አድርጉ» አለች። «ሊቀመንበር፣ ዛሬ ዓይንዎን መቼ እንደገለጡ ለሁሉም ይድገሙልኝ?»

«አልኩ እኮ። ደወሉን ስሰማ።»

የጥርስ ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «የቱን ደወል፣ ጋሼ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ደወል አልነበረም፣ ዜማ ነበር። በወንበሩ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። እርስዎ ግን ሁሉም ሲጨፍን ማዳመጫዎን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። ጎረቤትዎ ዓይናቸውን ስለማይጨፍኑ መነሣትዎን በስክሪኑ አይተው በሩ ሲንኳኳ ተነሥተው ከፈቱልዎ። ሲመለሱ በጥድፊያ ማዳመጫውን ረሱት። በጎን እያዩ ሌሎቹ ሲገልጡ ገለጡ፤ በምን እንደገለጡ ግን አልሰሙም። የቀድሞውን ደወል ገመቱ።»

«ይህ ውሃ አያነሳም። ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ቁልፉ ግን አይሳሳትም።» ዘበኛው ከጎኗ ብቅ ብሎ በላስቲክ የታሸገ የነሐስ ቁልፍ ከእነቡጫቂው አሳየ። «ይህች እህታችን ስላጠበቀችው ክሩ እንቢ ብሎ ጨርቁ ለቀቀ። እጅዎ ላይ ቀረ። በታሸገ ሕንፃ ውስጥ ከራስዎ ቆሻሻ ከረጢት በቀር መጣያ አልነበረዎትም።»

«ምን አድርገውኝ ልግደላቸው?» አሉ ሊቀመንበሩ፤ እጃቸውን ማሸት ግን አቁመዋል።

«የአባባ በረንዳ ከጓሮው በር በላይ ነው። ሕንፃውን ያሸጉት እርስዎ ራስዎ በስውር ወጥተው ሲገቡ አባባ አይተውዎት መሆን አለበት። እርስዎም እየሳሉ ተመለሱ። በማግስቱ ቧንቧዎ ፈነዳና ሠራተኛ ጠሩ። ዘበኛው ሳልዎንም ቧንቧውንም ያስታውሳል።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከአፏ አነሣች። «ባሌን?»

ሊቀመንበሩ የአልኮሉን ጠርሙስ ከድነው አስቀመጡ። «ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ‹ልጅቷ በእኔ ዝምታ እያለቀች ነው› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ በረንዳ ላይ ካፖርታቸውን ያዝኩ። ተናጠቅን፣ ገፋሁ። አስቤበት አልነበረም።»

«እሱን ፍርድ ቤት ይመዝነዋል» አለች መርማሪዋ። «ከዚያ በኋላ ግን በዚህች ሴት በር ቆመው ‹ቃል ይገድላል› አሉ። እሱን አስበውበታል።»

ፖሊሶች የሊቀመንበሩን በር አንኳኩ። ከስክሪኑ ተነሥተው ሄዱ፤ ባዶ ወንበራቸው ብቻ ታየ።

«ሸክምሽን አወርዳለሁ ያሉኝ ይህን ነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ይህን ነበር።»

ባለሙያዋ እያለቀሰች ክበቡን ልዝጋው ብላ ጠየቀች። «አይዘጋም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ማክሰኞ ተራዬ ነው።» ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ምርመራው ሲያበቃ ካፖርቱን ላኩልኝ። ቁልፍ ጎድሎባቸው አይቀበሩም። ከባሌ ኮት ላይ እፈታለሁ።»

የቀብሩ ዋዜማ መርማሪዋ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወጣች። ካፖርቱን አጥፋ ቅርጫቱ ውስጥ አኖረችና ገመዱን ለቀቅ ለቀቅ አደረገችው። ካፖርቱ ከባድ ነበር። ከታች ሁለት እጆች ተዘርግተው ተቀበሉት፤ ገመዱም በመዳፏ ውስጥ ቀለለ።